የተጸለየበት ጀሪካን

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጁባው ቶንፒንግ ሰፈር ስመለስ ከአዳራሹ የሰማሁት ዝማሬ ሳይሆን የብዙ ሰው የማስታወክ ድምፅ ነበር።

አዳራሽ የምንለው ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ ገብሬና ሚስቱ አባይነሽ የተከራዩት ግቢ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ የሚሆኑ ጴንጤ ኢትዮጵያውያን ይጾሙበታል፣ ይጸልዩበታል። ከጀርባው ያለችውን ክፍል የሰጡት ለእኔ ነው። ጋምቤላ አድጌ፣ ህንድ ኬሚስትሪ ተምሬ፣ ነጻ ወጣች ወደተባለች አገሬ የገባሁ ሰው ነኝ። "አገሬ" ስል አፌ ላይ አሁንም የሰው ነገር ይመስለኛል። በዚያ ዓመት የነዳጅ ጉድጓዶቹ ተዘግተው የጁባ ማደያዎች ደርቀው ስለነበር፣ ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ ዳር አጥር ሆኖ ከሚበቅለው ጃትሮፋ ከሚባል ዛፍ ፍሬ ለቅሜ፣ በእጅ መጭመቂያ ጨምቄ ናፍጣ ልሠራ ተነሣሁ።

ክፍሌን ዝናብ ስለሚያስገባ የተጣራውን ዘይት በምግብ ዘይት ጀሪካን ሞልቼ አዳራሹ ጥግ አስቀመጥኩት። ገብሬ አየኝ።

"ኬሚስቱ፣ ደግሞ ይኼ ምንድን ነው?"

"ዘይት ነው፣ ወንድም ገብሬ። ከዛፍ ፍሬ የተጨመቀ።"

"ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ነው።"

እዚያ ላይ አቆምኩ። ሚስቱ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ፀንሳ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። መርዝ ነው ብዬ ብነግረው ክፍሉን ይነፍገኛል።

በዚያች ቅዳሜ በሩን ስገፋ ጀሪካኑ ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፤ ከጎኑ ማንኪያ አለ። አባይነሽ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተጣጥፋለች።

"ምን በላችሁ?" ብዬ ጮኽኩ።

"በጾም ምን ይበላል?" አለች ፀጉር ሠሪዋ በዛብሽ፣ ባልዲ አቅፋ። "የተጸለየበት ዘይት ነው የጠጣነው። አንድ አንድ ማንኪያ። አባይነሽ ግን ሦስት።"

"ለምን ሦስት?"

"በመጀመሪያው አስታወካት። ክፉው ሊወጣ ነው ብለን ደገምንላት።"

"መርዝ ነው! ለሞተር የሠራሁት ነው!"

"በኢየሱስ ስም! ተጸልዮበታል እኮ! አንተ መቼም የማትጠራጠረው..." ዐረፍተ ነገሯን ባልዲው ዋጠው።

መኪና ያለው ነዳጅ የለውም። ገብሬና እኔ ከሁሉም የባሰባትን አባይነሽን መሐላችን አድርገን በአንድ ቦዳ በሚባል የኪራይ ሞተር ብስክሌት ሆስፒታል ደረስን። ነርሷ ምን እንደጠጣች ስትጠይቅ "ጃትሮፋ" አልኳት፤ አልገባትም። ቅጠሉን፣ ፍሬውን፣ አጥር መሆኑን አስረዳኋት።

"ሃብ አል ሙሉክ!" አለች በዐረብኛ ስሙ፣ አፏን ይዛ። "እኛ መንደር ፍየል እንኳ አይነካውም። አንተ የት ነው ያደግኸው?"

ለአባይነሽ ግሉኮስ ሰኩላት። ነርሷ ማዳመጫዋን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አንሥታ፣ ቦታ ቀይራ እንደገና አደረገች። ገብሬ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"የልጁ ልብ ይመታል" አለች በመጨረሻ።

ገብሬ እጄን ጨብጦ አለቀሰ። "ደርሰህ ባትናገር ምን እሆን ነበር? ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ።"

ያ ምርቃት አንገበገበኝ።

"ወንድም ገብሬ፣ መርዝ መሆኑን ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ክፍሉን እንዳትከለክለኝ ብዬ ደበቅኩህ።"

በጥፊ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጄን ለቀቀና መሬት መሬት አየ።

"የመጀመሪያዋን ማንኪያ የቀመስኩት እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ። መሐረቤ ላይ ተፋሁት።"

የሰማሁትን ጆሮዬ አልቀበል አለ። "ከዚያስ?"

"ሃያ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ይኼን ዘይት ጌታ ላከልን ብዬ ሰብኬ ጨርሻለሁ። ምን ብዬ ልመልሳቸው?"

"ለእሷም?"

"ሦስቱንም በእጄ ነው ያጠጣኋት።"

አባይነሽ ያንቀላፋች መስሎን ነበር። ዓይኖቿ ግን ተገልጠው ባሏን ያያሉ። ዞር ብላ እኔንም አየችኝ። ግሉኮስ ያልተሰካበትን እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

"ነርሷን ጥሩልኝ" አለች በደረቀ ድምፅ። "እናንተ ሁለታችሁ ውጡልኝ።"