የማክሰኞ ጾመኛ

የቱሪዝም ዲግሪዬን ያገኘሁት አገር ቤት ነው፤ ድንጋይ መሸከም የተማርኩት ግን እዚህ ሀርጌሳ ነው። መሐመድ ሞጌ ሰፈር የሰው ቤት ስገነባ አራት ዓመት ሞላኝ። ዲግሪው ሻንጣዬ ውስጥ ተኝቷል፤ ከኔ ይልቅ እሱ አርፏል። ስለዚህ ኤልሚ "ቢምረው፣ ከኢትዮጵያ ተማሪዎች ሊመጡ ነው፤ አስጎብኛቸው" ሲለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ኤልሚ ድሬዳዋ ያደገ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ይጣፍጣል። ዋሄን ገበያ አጠገብ ጠባብ የጉዞ ቢሮ አለችው። ሥራ በፈታሁ ቁጥር ከቢሮው ጎን ካለችው ምግብ ቤት ገብተን ከአንድ ትሪ ሩዝና የፍየል ሥጋ እንበላለን።

እንግዶቹ አሥራ ሁለት ተማሪዎችና መምህራቸው ዶክተር ዘሩባቤል ነበሩ። ስለ ኢኮቱሪዝምና ባህል ስድስት ቀን ሊያጠኑ ነው የመጡት። ጉዞው ከሰመረ ዶክተሩ በየዓመቱ ተማሪ ለመላክ ውል ይፈርማል፤ ኤልሚም እኔን በቋሚነት ይቀጥረኛል። ድንጋይን ልሰናበት ነው ብዬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ስሮጥ ሰነበትኩ። ጸደንያ የምትባል ተማሪ የደጀን ልጅ፣ የአገሬ ልጅ ሆና ተገኘች። "ስመለስ እናትህን እጠይቅልሃለሁ" ብላ ቃል ገባችልኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከኤልሚ ጋር ሆነን ከከተማ ርቀን ዲሪር ከሚባል አርብቶ አደር ሽማግሌ ቤት ደረስን። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከመንጋው የተረፉት ሰባት ፍየሎች ናቸው። ተማሪዎቹ "የማኅበረሰብ ተሳትፎ" እያሉ ማስታወሻ ሲይዙ ሽማግሌው ለካ አንዷን፣ ያውም የምትታለበዋን፣ አርዶልን ነበር።

ትልቅ ትሪ መጣ። እጁን የሰደደ የለም። ያኔ ክው አልኩ።

ልጆቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሙስሊም ያረደውን አይበሉም። እኔም ስመጣ አልበላም ነበር። ሁለት ወር ያህል ቻልኩት፤ ከዚያ ረሃብ አሸነፈኝ፤ እየዋለ እያደረ ጭራሽ ረሳሁት። አስቀድሞ ለኤልሚ መንገር የኔ ፋንታ ነበር። እሱ እኔ ስበላ እያየ ነገሩ የቀረ መስሎታል።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና "ጾም ላይ ነን በልልን" አለኝ። በሶማሊኛ ነገርኩለት።

"አላህ ይቀበላችሁ" አለ ዲሪር። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ፤ "አንተስ፣ ልጄ?"

ጸደንያ ታየኛለች። እናቴ በስልክ "ሥጋ ከየት ታገኛለህ?" ስትለኝ "እኛው ሐበሾቹ እናርዳለን" እያልኩ ነው የኖርኩት። ዶክተሩም ያየኛል፤ ውሉ በእጁ ነው።

"እኔም ጾመኛ ነኝ" አልኩ።

ኤልሚ ቀና ብሎ አየኝ። "ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ነነዌም ገና ናት" አለ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እጁን ታጠበና ከሽማግሌው ጋር ሁለት ሆነው መብላት ጀመሩ። ዲሪር አንድ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እጄን መዘርጋት ግን አቃተኝ።

በስድስተኛው ቀን አየር ማረፊያ ሸኘናቸው። ዶክተሩ አልፈረመም። "ማኅበረሰቡ እንግዳ ለመቀበል ገና አልተዘጋጀም" አለው ኤልሚን። እኔን ግን እጄን ጨብጦ "በሰው አገር ሃይማኖትህን ጠብቀህ መኖርህ አኩርቶኛል" አለኝ። ኤልሚ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል።

ሳምንት ቆይቼ፣ ኤልሚን ይቅርታ ልጠይቀው በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቷ ሄድኩ። አልተቆጣም። "ተቀመጥ" ብሎ ወንበር ሳበልኝ። አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ትሪውን አምጥቶ መሃላችን ሲያስቀምጥ ኤልሚ ወደ ራሱ ሳበው።

"ለሱ ውሃ ብቻ አምጣለት" አለው። "ጾመኛ ነው።"

ውሃው መጣ። ጠጥቼ ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ።