የዳለቻ አሞርዛተር

እህቴ ቢፍቱ እሁድ ጠዋት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ እናታችን ቤት እንድትመጣ ከተወሰነ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ቁጭ ስል የሆነ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል፤ ስነሳ ደግሞ የግቢውን በር ከፍቼ መንገዱን አየዋለሁ። መንገዱ ያው መንገድ ነው። ክረምቱ አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን ብቻ አስቀርቶታል። ጉድጓዶቹ ውስጥ በቆመው ውሃ ሰማይ ይታያል። ሰማዩን ሳይ እቆይና ጉድጓዱ ትዝ ሲለኝ እደነግጣለሁ።

ቢፍቱ ከዚህ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። የአሁኑ ሰባት ወር ሞልቶታል። ሐኪሙ ተኝተሽ ክረሚ፣ ደረጃ አትውጪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ መንገጫገጭ የሚባል ነገር እንዳይነካሽ ብሏታል። እሷ ደግሞ በዕጣ የደረሳት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ከምድር ተቀድቶ ነው የሚወጣው። ባሏ ጌዲዮን ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስለሚገባ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። እማ ሄዳ ሁኔታውን አይታ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፣ እዚህ ትመጣለች አለች። እማ እንዲህ ስትል የሚከራከራት የለም።

የቀረው በምን ትምጣ የሚለው ነበር። ላዳ ታክሲ ከአስፋልቱ ወደ እኛ ሰፈር አይገባም፣ ሆዱ ይገጫል። ባጃጅ የጤነኛ ሰው አንጀት ያላቅቃል። አምቡላንስ ምጥ ላልያዛት ሰው አይመጣም። የተረፈው የአባቴ ፒካፕ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከባጃጁም ይብሳል።

አባቴ ጂራታ ይባላሉ። የእርሻ መሬታችን ለፋብሪካ ሲወሰድ በተሰጣቸው ካሳ ነው ፒካፑን የገዙት። ቀለሙ አመድማ ስለሆነ በድሮ በሬያቸው ስም ዳለቻ አሉት። ሰው ሁሉ መኪናን በሴት ይጠራል፤ አባቴ ግን «እሱ» ነው የሚሉት። በማኅበር ለተደራጁ የኮብልስቶን ወጣቶች ጥርብ ድንጋይ ያመላልሱበታል። የሰው ሰፈር የሚነጠፍበት ድንጋይ በእኛ ሰፈር ጭቃ ያልፋል ማለት ነው። እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቀበሌ ተደራጅ ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ። አባቴ ሲደክማቸው እነዳለሁ። መሪ ስጨብጥ ሐሳቤ ሞያሌን አልፎ ይሄዳል፤ የቃሊቲ መናኸሪያን ሳላየው ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሐሙስ ዕለት ቢፍቱ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሜ፣ አንተ ከነዳኸው እመጣለሁ። አባ ከነዱት ግን እዚሁ እሞታለሁ እንጂ አልመጣም» አለች።

«እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ይዘላል አይደል አሁንም?»

አዎ ማለት ከበደኝ። እንደማስተካክለው ነገርኳት። ያን ቀን ማታ ጌዲዮን ከሶማሌ ተራ የገዛቸውን ሁለት አዲስ የኋላ አሞርዛተሮች በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። አሞርዛተር የመኪናን ዝላይ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ መኪና ጉድጓዱን ካለፈ በኋላም ወዲያው አያርፍም፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ዳለቻ እንዲያ ነው። የአንድ ክንድ ጉድጓድ መቶ ሜትር ያዘልለናል።

ዓርብ የድንጋይ ሥራ ስላልነበረ ጆንያ አንጥፌ ከዳለቻ ሥር ገባሁ። አባቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አሮጌዎቹን ስነካካቸው አንደኛው ዘይቱን ተፍቶ ጨርሷል። ሌላኛው ደግሞ ከታች ጭራሽ አልተያያዘም። በጥቁር ሽቦ ተጠምጥሞ ተንጠልጥሏል።

«አባ፣ ይሄኛው እኮ በሽቦ ነው የታሰረው» አልኩ ከሥር ሆኜ።

«ለቦሎ ነው» አሉ።

ለዓመታዊው ምርመራ ማለታቸው ነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ሲያይ አሞርዛተር በቦታው አለ፤ ሌላ ምን ይፈልጋል። እኔም ለምን ተበጠሰ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እጄ ለሥራ ቸኩሏል። አሮጌዎቹን ፈትቼ የአዲሱን የላይኛ ቡሎን አስገብቼ አጠበቅኩ። የታችኛውን ላስገባ አዲሱን አሞርዛተር እስከሚችለው ሳብኩት። አልደረሰም። ሦስት ጣት ያህል ይጎድላል። ሌላውን ሞከርኩ፤ እሱም ያው። ጌዲዮን የተሳሳተ ዕቃ የገዛ መሰለኝና በሆዴ ሰደብኩት።

ከሥር ወጥቼ ዳለቻን ከጎን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ኋላው እንደ አንበጣ ቆሟል። አባቴ ጭነት እንዲችል ብለው ከአይሱዙ የተፈቱ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ኋላውን በሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው ላይ አስጨምረውበታል። ባሌስትራው መኪናውን ሽቅብ ሲገፋው ጎማዎቹን በያዘው አክስልና በመኪናው አጽም በሻንሲው መካከል ያለው ቦታ ሰፋ። የፋብሪካው አሞርዛተር ለዚህ ቁመት አልተሠራም። አሮጌውን የበጠሰውም ይኸው ነው።

ይህንን እያሰብኩ ሳለ ጎረቤታችን ጋሽ ካሳሁን በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስገቡ። ጋሽ ካሳሁን ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሰፈሩ የሚፈታና የሚገጠም ነገር ሁሉ እሳቸው ሳያዩት አያልፍም። ችግሩን ስነግራቸው ምን ችግር አለው፣ ሰው ጫንበትና ቁጭ ሲል አስረው አሉ። ሳልመልስላቸው ወጥተው ሰፈሩን ጠሩ። ከጉሊት የተመለሰችው ግዙፏ ጎረቤታችን ዙፋን መጣች፣ የእሷ ደንበኞች መጡ፣ ከወፍጮ ቤት የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ዱቄታቸውን እንደያዙ ኋላ የጭነት ቦታው፣ ካሶኒው ላይ ወጡ።

«ጂራታ፣ ድንጋይ ሲያልቅብህ ሰው መጫን ጀመርክ?» አሉ ጋሽ ካሳሁን ከላይ።

«እኔን ብቻ አስቀሩና ሌላውን አውርዱት፣ ይበቃዋል» አለች ዙፋን፤ ሴቶቹ ሳቁ። በሳቁ ዳለቻ ሲወዛወዝ እኔ ከሥር ሆኜ ዝም በሉ እያልኩ እለምናለሁ። አባቴ አልሳቁም። ባሌስትራው ቀስ እያለ ተጫነ፣ ቀዳዳው ከፒኑ ጋር ገጠመ፣ ማጥበቂያውን ዳዶ አሰርኩ። በሌላው ጎንም እንደዚያው። ሁሉም ሲወርዱ ዳለቻ ሽቅብ ሊነሳ ፈልጎ አሞርዛተሮቹ ያዙት። ጠበቅ ብሎ ቆመ። እኔ ደስ አለኝ። ቢፍቱን ጋቢና አስቀምጬ ስነዳ፣ መንገዱ ከሥራችን እንደ ውሃ ሲፈስ ታየኝ።

እማ ግን አላመነችም። ቢፍቱ ከመቀመጧ በፊት እኔ ልቀመጥበት አለች። ትልቁን ጣሳ እስከ አፉ ውሃ ሞልታ ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ገባች። አንዲት ጠብታ ካልፈሰሰች ትመጣለች፤ እንዲህ ነበር ያለችኝ። ከግቢ ወጣን። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ጭራሽ ደህና ነው ብዬ በልቤ ስፎክር ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ላይ ደረስን። ኋላችን ሲወርድ አልተሰማኝም፤ ሲነሳ ግን ቋ አለ። ከዚያ ዳለቻ እንደ ድሮው ዘለለ። ጣሳው ከእማ እጅ ወጣና ውሃው ሁሉ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ወርጄ ሳይ በግራ በኩል ዳዶው ተልጦ አሞርዛተሩ ከፒኑ ወጥቷል።

እማ ግቢ ገብታ አባቴ ፊት ቆመችና ቀሚሷን ጨመቀች። ውሃው ጫማቸው አጠገብ ተንጠባጠበ።

ከልክ በላይ የገፋው ብረት እንደሆነ፣ ሁለቱ የአይሱዙ ብረቶች ከወጡ አሞርዛተሩ እንደሚደርስ፣ መኪናውም እንደሚለሰልስ አስረዳኋቸው። ከዚያ በፊት አባቴን መክሬ አላውቅም።

«እኔ መሬቴን ሰጥቼ አልጋ አልገዛሁም» አሉ። «እሱ በሬ ነው። ሰኞ ድንጋይ ይጠብቀዋል።»

«መሬቱ ሄደ» አለች እማ፣ ቀሚሷን እየጨመቀች። «ሁለት የልጅ ልጅ ሄደ። ሦስተኛውንም ለድንጋይህ ስጠው።»

አባቴ ተነስተው ወጡ። እስኪመሽ አልተመለሱም። እኔ ከበር ወደ ዳለቻ፣ ከዳለቻ ወደ በር ስመላለስ ዋልኩ። ቢፍቱ ሁለቴ ደወለች፤ አላነሳሁም። ምን እላታለሁ? ሳላስበው ጌዲዮን ውሃ ቀድቶ አራቱን ፎቅ ሲወጣ፣ እሷ ብቻዋን ተኝታ ጣራ ስታይ ይታየኝ ነበር። ብረቶቹን ራሴ ልፍታቸው አልኩ፤ መፍቻውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የአባቴን በሬ ቀንበር ያለ ፈቃዳቸው የፈታ ሰው በቤታችን የለም።

ቅዳሜ ጠዋት የብረት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። አባቴ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ዳለቻን በክሪክ አንስተው፣ ሥሩ ድንጋይ ደግፈው፣ የባሌስትራውን ማቀፊያ ቡሎን ለመፍታት መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክተው በሙሉ ክብደታቸው ይጫኑታል። ዝገቱ አልላቀቅም ብሏል። ሄጄ ከጎናቸው ቱቦውን ያዝኩ። ሁለታችንም ስንጫን ተንቋቋና ለቀቀ።

«ድንጋዩስ?» አልኳቸው።

«ለልጆቹ ደውያለሁ። ሌላ መኪና ይፈልጉ» አሉ። ከዚያ፣ «ብረቶቹ ከወለደች በኋላ ይመለሳሉ» ሲሉ ጨመሩ።

ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ያወራነው ስለ ቡሎን ብቻ ነው። ሁለቱን ብረቶች አውጥተው ከግድግዳው ጋር አቆሟቸው፣ በጆንያም ሸፈኗቸው። የዳለቻ ኋላ ዝቅ አለ። አሞርዛተሮቹ ያለ ሰው ጭነት፣ ያለ ጋሽ ካሳሁን ትእዛዝ፣ በእጅ ብቻ ቀዳዳቸው ላይ ተቀመጡ። ለተላጠው አዲስ ዳዶ ገዛሁ። ሲያልቅ አባቴ እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው፣ ዳለቻን ከኋላ ረጅም ጊዜ አዩት። ያጠረባቸው መሰለኝ።

እሁድ ጠዋት ገላን ደረስኩ። ጌዲዮንና የፎቁ ጎረቤቶች ቢፍቱን በወንበር ላይ አድርገው አራቱን ፎቅ አወረዷት። በየፎቁ ማረፊያ ላይ ቆም ሲሉ ከላይ የሚያዩ ሕፃናት አጨበጨቡላት፤ እሷ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ጋቢናው ውስጥ ትራስ ደርድሬ ነበር። ገባች። ጌዲዮን ሻንጣዋን ይዞ ካሶኒው ላይ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ስንሄድ ቢፍቱ መንገዱን አላየችም፤ እጄን ነበር የምታየው። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ሆዷን ትይዛለች። ቀስ አልኩ፣ በጣም ቀስ አልኩ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ነፉብኝ።

የድሮው ባቡር ሐዲድ አስፋልቱን የሚያቋርጥበት ቦታ ስንደርስ «አቁም» አለች።

አቆምኩ። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሐዲዱ ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ሁለት የብረት ጀርባ ሠርቷል።

«ምንም አይልሽም፤ ሠርተነዋል» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ እወርዳለሁ።»

ጌዲዮን ዘሎ ወርዶ ክንዷን ያዘ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪና ሥር የተኛሁት ይህን እንዳታደርግ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጥብቃ፣ እየተጠነቀቀች ሐዲዱን በእግሯ መሻገር ጀመረች። ከኋላችን የቆመ ሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ባለ ፒካፕ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?»

«አዎ» አለችው ቢፍቱ ዞር ብላ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። «እንቁላል ነው።»

ረዳቱ አያት። «ይቅርታ እናቴ» አለና ወደ ውስጥ ገባ። ሚኒባሱም ጥሩንባውን አቆመ።

እሷ ማዶ ደርሳ ቆመች። እኔ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ሐዲዱን ተሻገርኩ። የፊቱ ወጥቶ ወረደ፤ የኋላው ወጥቶ ወረደ። መሪውን ጨብጬ ሌላውን ዝላይ ጠበቅኩት። አልመጣም። ቢፍቱ መንገዱ ዳር ሆና የኋላ ጎማዎቹን ስታይ ነበር። የዳለቻ ኋላ ዝቅ ማለቱን አይታ አባቴ ብረቶቹን እንዳወጡ የገባት ይመስል አፏ ትንሽ ተከፈተ። በሩን ከፍታ ገባች፤ ትራሶቹን አስተካከለች።

«ሌላ ሐዲድ አለ?» አለች።

«ሐዲድ የለም። ከዚህ ወዲያ እስከ ቤት ግን ሁሉም ጉድጓድ ነው።»

መንገዱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ስፈራ እነግርሃለሁ፣ ታቆማለህ» አለች።

«አቆማለሁ።»

ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ጭቃው ታጠፍኩ።