«ጨረሰች» የሚሉ ሰዎች አገር

መሪጌታ ላእከ ማርያም የሠርክ ጸሎታቸውን ቢያደርሱም ልባቸው አልረጋም። የእኅታቸው ልጅ ምንትዋብ በኬሚስትሪ በማዕረግ ከተመረቀች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ሥራዋ ግን በአንድ መሥሪያ ቤት በር ተቀምጣ የእንግዳ መታወቂያ መመዝገብ ነው። ነገ ለዚሁ ሥራ፣ አምስት ዓመት ላትለቅ፣ ውል ትፈርማለች። እርሷስ ለሁለተኛ ዲግሪ ልትፈተን፣ ካልሆነም የውኃ ምርመራ ሙያ ልትማር ፈልጋ ነበር። «ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሻል፤ የተገኘውን ያዢ» ብለው የከለከሏት እርሳቸው ናቸው። ልጅቱ ፊቷን አዙራ በመውጣቷ ተቆጥተው፣ እንደ ተቆጡ ተኙ።

በሕልማቸውም ከሠላሳ ዓመት በፊት ያረፉት የቅኔ መምህራቸው የኔታ ጽጌ መቋሚያቸውን ተደግፈው ታዩአቸው። «ተከተለኝ» ብለው ወደ አንድ ሰፊ አዳራሽ አገቧቸው። በዚያ የዕፀዋትን ጠባይ የመረመሩ፣ የከዋክብትን ጉዞ የቆጠሩ፣ የደምን ምሥጢር ያጠኑ ወጣቶች በረድፍ ተቀምጠው ወረቀት ላይ ማኅተም ይመታሉ፤ ቀና የሚል የለም። ከአዳራሹ ጓሮ ወንዙ የፋብሪካ እድፍ ተሸክሞ ጠቁሮ ይወርዳል፤ እናቶች ከዚያው ይቀዳሉ። ውኃውን የሚመረምረው መሣሪያ ከነሳጥኑ እንደ ታሸገ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል።

«የኔታ፣ ይህን የሚከፍት ሰው እንዴት ጠፋ?»

«አልጠፋም። ማኅተም እየመታ ነው።»

«ማን አስቀመጠው?»

«አንተና መሰሎችህ፤ ‹ጨረሰ› እያላችሁ።»

«እኔ እንድትበላ ብዬ ነው እንጂ ክፉ አልተመኘሁላትም።»

«ዝም በል። አንተ ዳዊት ደግመህ ጨረስህን? ከዜማ ቤት ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አቋቋም፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ስትዞር፣ ጢም አብቅለህ እንኳ አኰፋዳ አንጠልጥለህ ስትለምን ስንት ዓመት ፈጀህ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሁለቱን ዓመት ቅኔህ ቤት አይመታም ነበር፤ ጓደኞችህ ሲስቁብህ እኔ እንዳልሰማሁ እሆን ነበር። ያን ጊዜ ‹በቃህ፣ በር ጠብቅ› ብልህስ?»

የኔታ በወንዙ ላይ ወደ ተዘረጋ ድልድይ መሯቸው።

ድልድዩን ሲሻገሩ ውኃው ጠራ። በዚያ አገር ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ በየሙያው ያረጁ ሊቃውንት ተቀምጠው ተመራቂውን ሁሉ «ምን ትወዳለህ? እጅህስ ምን ይችላል?» እያሉ፣ አንዱን ወደ ምርምር፣ አንዱን ወደ ማስተማር፣ አንዱንም ወደ አጭር ሥልጠና ይመሩታል። በወንዙ ዳር አንዲት ሴት፣ አንድ ወጣት እያሳያት፣ የተፈታ የውኃ መመርመሪያ ትጠግናለች።

«ፊዚክስ ተምራ ሥራ አጥታ የነበረች ናት» አሉ የኔታ።

«የሚያስተምራት ግን በዕድሜ ያንሳታል። አታፍርም?»

«የሚያሳፍረው የጠቆረው ወንዝ ነበር።»

የኪዳን ደወል ሲደወል መሪጌታ ነቁ። ጸሎቱ እንዳበቃ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ በር ገሠገሡ።

«ፈርመሻል?»

«ገና ነኝ፣ አባባ። አለቃዬን እየጠበቅሁ ነው። መታወቂያዎን ልመዝግብ?»

«አትቀልጂ። ትናንት የነገርሁሽ ስሕተት ነው። ፈተናው መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ባልፍም እስክመረቅ ምን እበላለሁ?»

«እኔ የምበላውን። እኔን የሰው ደጅ አብልቶ አስተምሮኛል። ተነሺ፤ እሑድ በሰንበቴው ቆሜ፣ ልጆቻችንን በር ላይ ያስቀመጥናቸው እኛ መሆናችንን ከራሴ ጀምሬ እናገራለሁ።»