የማይደክም መንገደኛ

ቤተሰቡ ሁሉ አዳማ ሊሄድ ነው፤ እማማ አበዛሽ ግን ቤት ይጠብቁ ተብሏል። «እማዬ፣ የሳይንስ ውድድር ነው፤ እርስዎ ምን ይገባዎታል?» ያላቸው ታጠቅ ነው፣ የገዛ ልጃቸው። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረ ጭንቅላት ቅል ነው! ይኸው ወንጂ፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ነክሰው ያያሉ።

የታጠቅ ልጅ ጂቱ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለውድድሩ የጻፈችበትን ካርቶን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትለማመዳለች። «ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ ከአራት የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል…»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ አባቷ። «ዓመት እንዴት አድርጎ ይርቃል? ዓመት ዕድሜ ነው።» ማርከሩን አንስቶ «ይርቃል» የሚለውን ሰረዘና «ዕድሜው ነው» ብሎ ጻፈበት።

«መጽሐፉ ግን…» አለች ጂቱ። አባቷ ዲግሪ አለው፤ ማን ይከራከረዋል?

እማማ አበዛሽ ከበርጩማው ተነሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ብርሃን የምትሉት ይሄዳል?»

«ይሄዳል እንጂ እማማ! በአንድ ሰከንድ ምድርን ሰባት ጊዜ ይዞራል!»

«አይደክመውም?»

«አይደክመውም።»

«መንገድ ላይ አያድርም? ውሃ አይጠጣም?»

ጂቱ ሳቀች። «ኧረ የትም አያድርም!»

አሮጊቷ ጭናቸውን መቱ። «ስማ ታጠቅ! ከመርሐቤቴ ወንጂ ስመጣ፣ አገርሽ ምን ያህል ይርቃል ሲሉኝ ምን አልኩ? የሰባት ቀን መንገድ! ታዲያ የሰባት ቀን ጨቅላ ሆኜ ነው በእግሬ የመጣሁት? አህያ ጭነህ ከሄድክ ደግሞ አስር ቀን ይሆናል፤ ለዚህ ነዋ ርቀቱን የለኩት ሰዎች የማይደክም መንገደኛ የመረጡት! ብርሃን ዓመት ሙሉ ሲገሰግስ የሚዘልቀው መንገድ ነው!»

«እሱ ነው! እሱ ነው እማማ!» ጂቱ ዘለለች። «ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን እኮ ከዚያ የተነሳው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው!»

«ያኔ ተነስቶ፣ ዛሬ ገና እኛ ደጅ? እልልል!» ልባቸው እንደ ሙሽራ ከበሮ ይደልቃል። ወገባቸው ሁሉ ቀና አለ።

ታጠቅ ስልኩን አወጣ፤ ፈለገ፤ አነበበ። ጆሮው ቀላ። ውጭ አዳማ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል።

«ምን ይላል?»

«…ርቀት ነው ይላል።»

«ጮክ በል፣ ሰፈሩ ይስማ!»

«ርቀት ነው እማዬ!»

እማማ አበዛሽ ነጠላቸውን አጣፉ። «እንግዲያው የሰረዝከውን በገዛ እጅህ መልሰህ ጻፍ። ባጃጁ ላይ አንተ ሾፌሩ ጎን ትጣበቃለህ፣ እኔ ከጂቱ ጋ ነኝ። አዳራሹም ውስጥ ፊተኛው ወንበር የእኔ ነው። ፍጠን!»