አሥራ አንድ አናት

«ስማቸውን አላውቅም እያልኩሽ ነው፣ እህቴ። አናታቸውን ጠይቂኝ።»

ደዋይዋ እስክሪብቶዋን ከቅጹ ላይ አነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ለሃያ ሦስት በሽተኞች ደውላለች። በሽታው በመላ አገሪቱ በቀን አምስት መቶ ሰው ይይዛል፤ እሷ እንደተነገራት ከሆነ ግን ሁሉም ቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ነው የተያዙት። ይኼኛው ፀጉር አስተካካይ ነው። የምርመራ ውጤቱ ትናንት ወጥቶ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ማስተናገዱን ግን ሳይለመን አምኗል።

«ፀጉር ቤቶች ከተዘጉ ሦስት ወር አልሆነም እንዴ?»

«በፊት ለፊት ተዘግቷል። በጓሮ ነው።»

«ፊታቸውንስ አላዩም?»

«የምን ፊት? ሁሉም ማስክ አድርጎ ነው የሚገባው። ያላደረገ አላስገባም፤ ሕግ አክብሬ ነው የምሠራው።»

ይኼ መልስ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ከበሽታው በፊት የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ ነበረች። አሁን አሥራ ሁለት ጠረጴዛ በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ፣ በሽተኛ ያገኛቸውን ሰዎች በስልክ እያጣራች ትመዘግባለች። ባልደረቦቿ «ነጠላ ሰረዝ» ይሏታል፤ ሌላው የሞላውን ቅጽ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎደለው ብላ ስለምትመልስ። አለቃቸው ደግሞ «ግራፉ» ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁም አብሮ ይወጣል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪኖቹ ይወጣሉ!» ይላል በጠረጴዛዎቹ መሀል እየተንጎራደደ። «እናንተ ስሙን እስክትጽፉ ሰውዬው አውቶቡስ እየተሳፈረ ነው!»

ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል።

«እሺ፣» አለች ወደ ስልኩ፣ «ከአንደኛው አናት ይጀምሩ።»

«አንደኛው ሁለት ሽክርክሪት አለው፤ አንዱን ስታስተኚው አንዱ ይነሳል። እዚያው ከኛ በላይ ያለው ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፤ ጆሮው ውስጥ ዱቄት አይጠፋም። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ብርጭቆ ብታስቀምጪበት አይወድቅም። ሾፌር ነው። ሦስተኛው መላጣ ነው።»

«መላጣ ምን ሊቆረጥ ይመጣል?»

«እሱን እኔም ጠይቄው አላውቅም። ከሚስቱ ሊያርፍ ይመስለኛል።»

ጻፈች። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ሰውዬው ስም አያውቅም እንጂ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን ከማን እንደተጣላ አንድም አይስተውም።

«ሰባተኛው ሽማግሌ ናቸው። ከግራ ጆሯቸው ጀርባ ሽምብራ የምታህል ኪንታሮት አለች፤ ማሽኑ እሷ ጋ ሲደርስ ትንፋሼን ነው የምውጠው። እሳቸው ብቻ ማስካቸውን አውልቀዋል፤ ጺማቸውንም ስለላጨኋቸው። የት እንደሚኖሩ አላውቅም። ‹ልጄ እንዳትሰማ› ይሉኛል። ሌላው ደንበኛ ፖሊስ ነው የሚፈራው።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«መቼ ነው የመጡት?»

«ሐሙስ። እኔ እንኳ ያን ቀን ትንሽ ብቻ ነበር የሚያስለኝ።»

ያችን ኪንታሮት ታውቃታለች። ልጅ ሆና አባቷ ትከሻ ላይ ሲያወጣት በጣቷ እየተጫነች «ደወል ነው» ትለው ነበር። ሐሙስ ማታ ከክፍሉ በር ላይ ሆና «ማን ቆረጠህ?» ስትለው፣ «ራሴ፣ በመስታወት» አላት። አመነችው። የሰው ውሸት በማጣራት ደመወዝ የሚከፈላት ሴት።

«አንዴ ይቆዩኝ» ብላ በራሷ ስልክ ቤት ደወለች።

«አባዬ፣ ፀጉርህን ማን ነው የቆረጠህ?»

«ከሥራ ሰዓትሽ ሰርቀሽ የደወልሽው ለዚህ ነው?»

«አባዬ!»

 አባቷ ሳለ፤ አንድ ጊዜ፣ ደረቅ ሳል። «አቧራ ነው» አለ ሳትጠይቀው።

«ቤት ውስጥ የምን አቧራ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አንቺ የቆረጥሽኝ ጊዜ ካርታ የሚጫወቱት ሁሉ ‹ምን አደጋ ደረሰብህ?› ነው ያሉኝ።»

«ካርታ ትጫወታለህ?»

ሁለት ምስጢር በአንድ ትንፋሽ ማውጣቱ የገባው ዘግይቶ ነው። «ደረጃው ላይ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አራት ብቻ ሆነን። መስኮት ከፍተን።»

«ለምን እንዲህ ታደርገኛለህ? እኔ ላንተ ብዬ አይደል እንዴ የምጠነቀቀው?»

«ትጠነቀቂያለሽ፣ አልካድኩም። ምግቡን ወንበር ላይ ታስቀምጪና አንኳኩተሽ ትሄጃለሽ። ሦስት ወር ሙሉ። ሰውዬው ግን አንገቴን ይዞ ቀና ያደርገኛል፤ ትኩስ ፎጣ ያለብሰኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጥፋት የለብኝም።»

ስልኩን ዘጋችው።

ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ስሙ እንደተጻፈ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ወደ ለይቶ ማቆያ ይወሰዳል፤ በቅርብ የሚነካው የቤቱ ሰው ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ጎረቤታቸው ትንሽ ቦርሳ ይዘው ሄደው ነበር፤ የተመለሰው ቦርሳው ብቻ ነው። ሰባተኛው አናት ደግሞ ስምም አድራሻም የለው። ባትጽፈው የሚያውቅባት የለም። አባቷ ግን ነገም ደረጃው ላይ ይወርዳል፤ ሦስቱም ካርታ ተጫዋቾች ማታ ማታ ልጆቻቸው ጋ ይገባሉ።

«እህቴ፣ አለሽ? ስምንተኛውን ልንገርሽ?»

ስምንተኛውን፣ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን እየተጣደፈች ጻፈች። አንድም ነጠላ ሰረዝ አላደረገችም።

ግራፉ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። «እስከ አሥራ አንድ ቆጥረሽ አሥር ነው የሚታየኝ። ሰባተኛው ባዶ ነው።»

«እየጻፍኩት ነው።»

የአባቷን ሙሉ ስም ጻፈች። ሕንፃውን፣ ፎቁን። ከሥሩ የሦስቱን ጎረቤቶች ስምና የበር ቁጥር። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ «አብሮት የሚኖርና ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት የቀረበው ሰው» ይላል። እውነተኛው መልስ «የለም» ነው። እጇ «የ» ላይ ደርሶ ቆየ። ሰረዘችውና የራሷን ስም ጻፈች። «በምን ያህል ጊዜ?» ለሚለው ደግሞ «በየቀኑ» ብላ ሞላች።

ግራፉ ቅጹን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ አነበበ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ይኼ ያንቺ ስም አይደል እንዴ?»

«ነው» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። «የመኪናውን ሾፌር ሁለት ሰው ነው በለው። አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው።»