የሰው ዘንዶ

ከነቴራዎቹ ሐሙስ ደረሱ፣ ደብዳቤው ዓርብ መጣ፣ ውድድሩ እሑድ ነበር።

ውድድር የምለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ከጦርነቱ በፊት ማረፊያ ቤቴ ያደረ አንድ ፈረንጅ ሳጥኑን ትቶልኝ ሄደ። ውስጡ ግንብ የተሳለበት ሰሌዳ፣ ካርታ፣ የእንጨት ወታደሮችና አንድ ትልቅ ዘንዶ አለ። የዘንዶውም የጨዋታውም ስም ኦርሞንዳር ነው፤ አፋችን አልገባ ሲል “እርሞን” አልነው። እንግዳ ሲጠፋ፣ ሥራ የፈቱት አስጎብኚዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጡ ይጫወቱ ጀመር። እኔም ቆሜ ሳይ ሳይ ተማርኩ። አሁን የሚያሸንፈኝ ሰው ቢኖር መሪጌታ ደግሰው ናቸው። የዋድላ ሰው ናቸው፤ ኮን አጠገብ ቅኔ ተምረው፣ እዚህ ላሊበላ ቅኔ ሲያስተምሩ ሃያ ዓመት ሆናቸው።

እኔ የፈለግሁት ቤቴ እንደገና ሰው እንዲገባበት ነው። ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ በየሳምንቱ አቧራ ነው ብሎ ማጠብ እጅ ሳይሆን ልብ ያደክማል። ልጄ የትናየት “ትልቅ ውድድር እናድርግ፤ ከኮንም ከብልባላም ይምጡ” ስትለኝ እሺ አልኩ። የሳጥኑን ሥዕል በስልኳ አነሣችና ወልድያ ልካ ባነር አሠራች። ዘንዶው ከነዘውዱ፣ ከሥሩ “የኦርሞንዳር ሻምፒዮና፣ ላሊበላ” የሚል። ሠላሳ ከነቴራም እንደዚሁ። ከዚያ ፌስቡክ ላይ ለቀቀችው።

ዓርብ ጧት ጓዳ ድረስ ስልኳን ይዛ መጣች።

“እማዬ፣ ባለቤቶቹ ጻፉልን።”

“የምን ባለቤቶች?”

“የጨዋታው። የሠሩት ሰዎች።”

“ምን ሆንን ይላሉ?”

“መጫወታችሁ ደስ ብሎናል ይላሉ። ግን ስማችንን የውድድራችሁ ስም አታድርጉት፤ ሥዕላችንንም ባነርና ልብስ ላይ አታትሙት፤ ሰው እኛ ያዘጋጀነው ይመስለዋል ነው የሚሉት። በነሱ ጨዋታ እንደምንጫወት መናገር ግን ይቻላል።”

“ሳጥኑን ሰረቅኩት?”

“ኧረ አልሰረቅሽም።”

“እንግዲያ ላስታ ድረስ ወጥተው ያውርዱት! ባነሩን ስቀይ።”

ሰቀለችው። እሷ እንደኔ ግትር አይደለችም፣ አባቷን ነው የወጣችው።

ከሰዓት መሪጌታ መጡ። ውድድሩን በቅኔ እንዲከፍቱልኝ ለምኛቸው ነበር። በር ላይ ቆመው ባነሩን ሽቅብ አዩና አልገባም አሉ።

“ዘንዶው አስፈራዎት እንዴ መሪጌታ?”

“የትናየት የደብዳቤውን ነገር አጫውታኛለች።”

“ወሬኛ!”

“ስሙስ ራሱ እየተናገረ አይደል? እርሞን ትላላችሁ፤ የሰው ነገር እርም ነው።”

“ቅኔውን ለእሑድ ያቆዩልኝ። ሰሌዳና እንጨት ነው። ገበጣስ ባለቤት አለው?”

“ገበጣ የለውም። የዚህም አጨዋወቱ የማንም አይደለም፤ ማን ከለከለሽ፣ ተጫወቺ።” ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ስሚኝ አልጣሽ። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው። ልኩ የሁላችንም ነው፤ የቻለ ሁሉ ይቀኝበታል። በልኩ ውስጥ የገባው ቃል ግን የባለቅኔው ነው። እሱን አንሥቼ የኔ ነው ብል ሌባ ነኝ።”

“ማን ያውቅብዎታል?”

ነገር ያበላሸሁ መሰለኝ።

“አንድ ቀን አድርጌዋለሁ” አሉ። “ተማሪ ሳለሁ፣ በበዓል ቀን ቅኔ ጎደለብኝ። በእውቀቱ የሚባል ባልንጀራ ነበረኝ፤ ሌሊት አብረን ቅኔ ስንቆጥር፣ ለበዓሉ ስናዘጋጅ የነገረኝን እንዳለ ተቀኘሁት። መምህራችን ይበል አሉኝ። በእውቀቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር።”

“ምን አለ?”

“ምንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ እየሰማሁ ቅኔ ቆጥሮ አያውቅም። አብረን በላን፣ አብረን ተኛን፣ ቅኔውን ግን አላሰማኝም።”

“ፈረንጆቹ ባልንጀሮቼ አይደሉም።”

“እሱ ያንቺ ነገር ነው” አሉኝ።

ተናደድኩ። “እንግዲያ የነሱን ትቼ የራሳችንን አሥላለሁ። ቤተ ጊዮርጊስን! ይሄንንስ ማን ሊከለክለኝ?”

“የደብሩን አለቃ ጠይቀሻል?”

አምና አንድ ሰው ቤተ ጊዮርጊስን መሸታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲያሥል፣ ከሰፈሩ ሁሉ አብልጬ የጮኽሁት እኔ ነኝ። “ማንን አስፈቅደህ?” ያልኩትም እኔ ነኝ። መሪጌታ ያንን ያውቃሉ። ሳያነሡብኝ ተነሥተው ሄዱ። ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር፣ እመልስላቸው ነበር።

ቅዳሜ ጧት መሰላል አቁሜ ባነሩን ራሴ አወረድኩ። የትናየት ከታች መሰላሉን ይዛ “ጥፋተኛ ነኝ አልሽ ማለት ነው?” ትለኛለች።

“መሰላሉን ያዢ።”

“ከነቴራዎቹስ?”

“አይለበሱም። ስልክሽን አንሺና ጻፊ። እሑድ በአልጣሽ ቤት ጨዋታ አለ። ኦርሞንዳር የሚባለውን ነው የምንጫወተው፤ የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ውድድሩ የኛ ነው።”

“እማዬ፣ ይሄ እኮ ስም አይደለም።”

“ውሸት አለበት?”

“የለበትም።”

“ጻፊው እንግዲያ።”

እሑድ ከኮን አንድም ሰው አልመጣም። ከነቴራ የለም ከተባለ ምን ያደክመናል ብለው ደወሉ። መሪጌታ ግን መጥተው ቅኔያቸውን ተቀኙ፤ ሰሚው እኔ፣ ልጄና አምስት አስጎብኚ ነበርን። ወንበሩን ሁሉ ጠርጌ ደርድሬዋለሁ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከብልባላ አራት ሰዎች ገቡ፣ አቧራ በአቧራ ሆነው። መሪያቸው አረጋ የሚባል አስተማሪ ነው። ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

“ዘንዶው የታለ?”

“የሰው ነው። አወረድኩት።”

አንዱ አስጎብኚ “እትዬ አልጣሽ ዘንዶ ገድላ ነው የምታገኟት! ጊዮርጊስ ሥራ ፈታ!” ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔ አልሣቅሁም። የአረጋን ፊት ነበር የማየው።

“ጨዋታውስ?” አለ።

“ጨዋታው አለ።”

“ታዲያ ምን አስቆመን? እግሬ አልቋል” ብሎ ወንበር ሳበ።

ለመሪጌታ በሁለት ጨዋታ ተረታ፣ እኔን ግን አስጨነቀኝ። አሥር ሰዓት ላይ ጨዋታው የሚያልቅበትን ግንብ ገና አላፈረስንም። ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩና “እንደር ይሆን?” ተባባሉ። የትናየት ነገሩን ሳይጨርሱት አልጋ ልታነጥፍ ሮጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ ከላይኛው ክፍል የሰው ኮቴ ሰማሁ።

አረጋ ካርታውን እያገላበጠ “ለመሆኑ የዚህ ውድድር ስም ምንድን ነው? አገር ቤት ስገባ ምን ነበር ብዬ ላውራ?” አለኝ።

“ስም የለውም።”

“ሕፃንስ በአርባ ቀኑ አይደል ስም የሚወጣለት። ይቆይ።”

“ተራህ ነው፣ ተጫወት” አልኩት።