ልጁን እንዳትለምኚው

የትልቁ ልጃችን ኩላሊት ለአባቱ እንደሚስማማ ሐኪሟ ስትነግረን ባለቤቴ «ተመስገን» አለ። እኔ መልካም ወሬ ስሰማ ከጀርባው ምን ክፉ እንዳለ መፈለግ ልማዴ ነውና ወዲያው ወደ ልጄ ዞርኩ። ወለሉን እያየ ነበር።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ።

«እማዬ፣ አልችልም። እፈራለሁ። ከገባሁ የምወጣ አይመስለኝም።»

ትልቅ ሰው ነው፤ ወሬ ስለማያበዛ ዝምታው እንለዋለን። ያን ቀን ግን በእኔ አፍ የተናገረ መሰለኝ። «ዝናብ ነው አትውጣ፣ ውሃው ጥልቅ ነው አትግባ» እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከእሱ ሌላ የሚሰጥ አልነበረም። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ትንሿ ልጃችን ገና ተማሪ ናት።

ባለቤቴ ጎሚስታ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ ውሎ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ወደ ገበታ ይቀርባል። ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ሲሰብክ አላየሁትም። ቀን ያስቀየመው ሰው ካለ፣ ትንሿም ብትሆን፣ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃታል፤ ከዚያ ይጸልያል። እኛ አሜን እንላለን።

ቤት ስንገባ የልጁን ነገር እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ። እሱ ቀደመኝ።

«እምቢ አለ አይደል? ፊቱ ላይ አይቻለሁ።»

«ለእኔ ተወው። እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን አሳምነዋለሁ።»

«ልጁን እንዳትለምኚው። እንዳታለቅሺበትም፤ ያንቺ ለቅሶ ከልመና ይብሳል።»

«ታዲያ ዝም ብለህ ሙት ልበልህ?»

«የኩላሊት እጥበቱ አለ፣ እግዜርም አለ። የእኔ ቢጤ ያረጀ ጎማ ስንቴ ተለጥፎ መንገድ ሲገባ አይተሻል?» ብሎ ሳቀ። ኋላ ሳቁን ተወና «ልጄ በግድ የሰጠኝን ተሸክሜ እንዴት አድርጌ ነው ፊቱ ቆሜ የምጸልየው?» አለኝ።

እሁድ የባለቤቴ እህት መጣች። ነገሩን ሰምታለች። ልጄ ሾርባውን ገና ከመጀመሩ፣

«ሁለቱን ኩላሊት ታቅፈህ ይወርድልሃል?» አለችው።

ማንኪያው ከአፉ ሳይደርስ ቀረ።

«እህት ዓለም፣» አለ ባለቤቴ፣ «እኔን ልትጠይቂ ከሆነ ወንበርሽ ያውልሽ። ልጄን ልትከሺ ከሆነ ግን እዚህ ቤት ችሎት የለም።»

«አንተ ሞኝ!»

«ሞኝስ ሞኝ ነኝ። ዳቦውን አቀብዪኝ።»

ሲጸልይ እንደ ወትሮው ልጁን ስለሰጠው አመሰገነ፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ በአባቱ የጎማ ሱቅ ከባድ ከባዱን ሥራ ልጁ ያዘ። በእጥበቱ ቀን አባቱን ደግፎ ይወስደዋል፣ ደግፎ ይመልሰዋል። አንዳንዴ በር ላይ እየተሳሳቁ ይደርሳሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ያንገበግበኝ ነበር፤ የሚሄደው አባት፣ የሚቀረው ልጅ፣ እንዴት ይሳሳቃሉ? እላለሁ። በየቀኑ ስልክ ሲጮህ ሞቱን የምሰማ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እውነትም ሆነ። ልቡ እጥበቱ አልጋ ላይ ቆመ።

ከቀብር እንደተመለስን ቤቱ በሰው ተሞላ። የባለቤቴ እህት እንባዋን እየጠረገች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሊያድነው ይችል የነበረው ነው አፈር ያለበሰው» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ልጄ ዞረ፤ ከልጄ ደግሞ ወደ እኔ። ለእንዲህ ያለው ነገር መልስ የሚሰጠው ሁልጊዜ አባታቸው ነበር። የተናገረችውን እኔም በልቤ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ።

«ልጄን ተይው፣» አልኳት። «እባክሽ ተይው።»

ሰዉ ሲበተን ልጄን ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። ቦርሳ ሸክፎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል።

«ወዴት ነው?»

«ሱቁ ውስጥ አድራለሁ። ሌላ ቦታ እስካገኝ።» ቀና አለ። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንቺም እንደ አክስቴ ታስቢያለሽ?»

አይ ብል ደስ ባለኝ። ግን ይሄ ልጅ ፊት ሲያነብ እንደ አባቱ ነው።

«አንዳንድ ቀን አስባለሁ፣» አልኩት። «ነገም አስብ ይሆናል። አባትህ አንድ ቀንም አላሰበውም። እኔ እሱን አይደለሁም፣ ልጄ። ግን ከዚህ ቤት የትም አትሄድም።»

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲያለቅስ ያየሁት ከሕፃንነቱ ወዲህ ያን ቀን ነው። እጁ ክሩን መያዝ ስላቃተው ወለሉ ላይ ተንበረከክሁና ጫማውን እፈታለት ጀመርኩ። መጀመሪያ እግሩን ሰበሰበብኝ። ኋላ ተወልኝ።